ያልተከፈተው ደብዳቤ፦ ከምንወደው ዘፈን ታሪክ ስንፈጥር ከየት እንጀምር?

መነሻ ጽሑፍ

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የማነሣው ጉዳይ ዘፈን ሰምቶ ታሪክ ስለ መፍጠር ነው። ብዙዎቻችን የምንወደውን ዘፈን ስንሰማ ግጥሙ የማይነግረንን ነገር በራሳችን እንሞላለን፤ የሄደችው ወዴት እንደ ሄደች፣ የቀረው ሰው ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ በመካከላቸው ማን እንደ ገባ እያሰብን ዘፈኑ ካለቀ በኋላም እንቀጥላለን። ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን የጻፍነውን እርስ በርሳችን የምናነብብ ጥቂት ሰዎች አለን፤ በቅርቡም እያንዳንዳችን ከአንድ ተወዳጅ ዘፈን ተነሥተን አጭር ልቦለድ ለመጻፍ ተስማምተናል።

የመረጥሁትን ዘፈን በስሙ አልጠራውም። ስሙን ብጠራ ክርክሩ ታሪኩን ትቶ የትኛው ዘፋኝ ይበልጣል ወደሚለው ይሄዳል ብዬ እሰጋለሁ። ይዘቱ ግን ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ የሄደችበትን ሴት ይጣራል፤ ክረምቱ እንደ ገባ ይነግራታል፤ ከእርሷ የመጣለትን ደብዳቤ እስከ ዛሬ እንዳልከፈተው ይናገራል፤ ከዚያም አዝማቹ ይመጣል፣ ደብዳቤውም ዳግመኛ አይነሣም። ለምን እንዳልከፈተው የሚገልጽ አንድም ስንኝ የለም።

የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። ከዘፈን የሚወለድ ታሪክ መነሣት ያለበት ዘፈኑ ከተናገረው ሳይሆን ሳይናገር ካለፈው ነው። ግጥሙ ያለውን መልሶ በስድ ንባብ የሚያትት ጸሐፊ ዜማውን ያጣል፣ በምትኩም ምንም አያገኝም። ስለዚህ የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከታሸገው ደብዳቤ ነው። ሰውየው ያልከፈተው መለያየቱን የሚያረጋግጥ ቃል እንዳያገኝበት ፈርቶ ይሆን? ወይስ ማንበብ ስለማይችል? የመጀመሪያው ምክንያት ለማንም ቶሎ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምክንያቱም ማንበብ የማይችል ሰው የፍቅር ደብዳቤ ሲደርሰው የጎረቤት ተማሪ ጠርቶ ማስነበብ ይኖርበታል፣ ምሥጢሩም በዚያው ቀን የሰፈር ወሬ ይሆናል። አስተያየታችሁን እጠይቃለሁ።

ምላሾቹ ብዙ ከመሆናቸውም በላይ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ የተጻፈ ስለሆነ፣ ዘግይተው ለሚቀላቀሉ አባላት ጭብጣቸውን በየቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የማልስማማበትንም ቦታ ገልጫለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ምላሽ ይርጋዓለም ካደጉ አንዲት እናት የመጣ ነው። በጨዋ ሰላምታ ጀምረው ሐሳቡን እንደሚደግፉ ከገለጹ በኋላ፣ በልጅነታቸው በሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ሲቀርብ አቅራቢው ከዘፈኑ በፊት የሚዘረዝራቸውን የመራጮች ስሞች የዘፈኑ ባለታሪኮች አድርገው ያምኑ እንደ ነበር ነግረውናል። ከዲላ ነጌሌ ላለ ሰው የተመረጠ ዘፈን ሲሰሙ፣ የሚያለቅሰው ዲላ ያለው፣ የሚለቀስላት ደግሞ ነጌሌ ያለችው ትመስላቸው ነበር፤ በመካከል ያለውን መንገድ፣ አውቶቡሱንና ኬላውን ሁሉ በሐሳባቸው ይስሉት ነበር። ይህን ምላሽ ከሌሎቹ አብልጬ ወድጄዋለሁ። የዘፈን ግጥሞቻችን አብዛኛውን ጊዜ ስም አይጠሩም፣ ሥራ አይጠቅሱም፣ ሰፈር አይነግሩንም፤ የእኒህ እናት የልጅነት ሐሳብ ግን የጎደለውን ከአቅራቢው አፍ ወስዶ ሞልቶታል። ታሪክ ለመቆም የሚፈልገው ስምና ቦታ መሆኑን አንዲት ሕፃን ያለ መምህር ደርሳበት ነበር ማለት ነው።

ምላሽ 2 እስከ 6

እነዚህ አምስት ምላሾች ዘፈኑን ለመገመት የተጻፉ ናቸው። አንዱ የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ሥራ ነው አለ፤ ሌላው አይደለም፣ የሴት ድምፃዊት ነው ሲል ተቃወመ፤ ሦስተኛው ሐይቅ ከተባለ ጣና ብቻ ሊሆን ስለሚችል ታሪኩን ሐዋሳ ላይ ማስፈሩ ዝርፊያ ነው እስከ ማለት ደረሰ። አወያዩ በምላሽ 6 ግምቱ እንዲቆም በትሕትና ጠይቀዋል። ለጣናው ክስ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ግጥሙ ሐይቁን በስም ስላልጠራው እያንዳንዱ አድማጭ የሚያውቀውን ሐይቅ ይዞ ይገባል፤ እኔ የማውቀው ደግሞ ማታ ማታ ከፍቅር ሐይቅ መንገድ የማየውን የሐዋሳን ሐይቅ ነው።

ምላሽ 7

የክርክሩ ሙቀት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የአማርኛ ግጥም በሚገባ እንደሚያውቅ ከአገላለጹ ይታወቃል። መከራከሪያው፣ በቃል ግጥሞቻችንና ከእነርሱ በወረሱ ዘፈኖች ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ለሁለተኛው ቤት መምቻ ብቻ እንደሚመጣና ከትርጉሙ ጋር የሚያያይዘው ነገር ላይኖር እንደሚችል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የገባው ከተከታዩ ስንኝ ጋር ቤት እንዲመታ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚያ ላይ ሙሉ ታሪክ መሥራትም ገጣሚው ያላሰበውን በአፉ ማጉረስ እንደሆነ አስረድቷል። በመጨረሻም ዘፈንን በዘፈንነቱ መተው እንጂ የሌለበትን ሸክም መጫን አላዋቂነት ነው ብሎ ዘግቷል።

የግጥም አገባቡን በተመለከተ የተናገረው እውነት ነው። መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም። ደብዳቤው የመጣው ቤት ለመምታት ቢሆንም እንኳ መጥቷል፤ አድማጩ ከሰማው በኋላ እንዳልሰማው ሊሆን አይችልም። ገጣሚው በምን ምክንያት አንድን ነገር እንዳስገባ መመርመር የሐያሲ ሥራ ነው፤ ልቦለድ ጸሐፊ ደግሞ የገባው ነገር በሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መድረክ ላይ ስለተገናኙ ብቻ ሊጣሉ አይገባም።

ምላሽ 8

የስምንተኛው ምላሽ ጸሐፊ ለ7ኛው ሲመልስ፣ እኔ ያላሰብሁትን ጠንካራ ማስረጃ አቅርቧል። በአዝማሪ ቤት አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ተቀበል እያለ ከራሱ የወጣውን ግጥም ለአዝማሪው ይሰጣል፣ አዝማሪውም ወዲያውኑ በመሲንቆው ላይ አውሎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። በዚህ ባህል ውስጥ ግጥሙን የሰጠው ሰውና ዘፋኙ ጎን ለጎን የሚሠሩ ናቸው። ሰምና ወርቅም ያለ አድማጭ አይሠራም፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ፈልቅቆ የሚያወጣው አድማጩ ነውና። አድማጭ በዘፈኑ ላይ የራሱን የመጨመር መብት ከጥንት ጀምሮ ካለው፣ ይህን መብት በካሴትና በስልክ ስለሚያዳምጥ ብቻ ለምን ያጣል የሚል ጥያቄ አንሥቷል። 7ኛው ጸሐፊ በኋላ ተመልሶ የአዝማሪ ቤት ጨዋታና የታተመ ዘፈን አንድ አይደሉም ብሎ ቢከራከርም፣ ስለ አላዋቂነት የተናገረውን ግን አልደገመውም።

ምላሽ 9

ይህ የአንድ ሙዚቀኛ ምላሽ ነው፤ ሁላችንም ግጥሙን ብቻ ይዘን ስንከራከር ድምፁን መርሳታችንን ይነቅፋል። ዘፈኑን እንዳወቀው፣ ስሙን ግን አወያዩን አክብሮ እንደማይጠራ ገልጾ፣ ከሁለተኛው አንጓ በኋላ ያለውን የሳክስፎን ክፍል ደግመን እንድንሰማ መክሮናል። ዘፈኑ ወደ ግማሽ ትዝታ ያዘነበለ ቅኝት ያለው በመሆኑ ድምፃዊው ገና አፉን ሳይከፍት ሐዘኑ ተነግሮ አልቋል ይላል። ሳክስፎን ያለ ቃል መናገር እንደሚችል ለማስረዳትም ጌታቸው መኩሪያን አስታውሷል፤ እርሳቸው የሽለላንና የፉከራን ዜማ ወደ ሳክስፎን አምጥተው፣ በጀግና አፍ የሚነገረውን በመሣሪያ ብቻ ያስደመጡ ሰው ነበሩ። ምክሩም ይህ ነው፦ ሳክስፎኑ በሚጫወትበት ቦታ ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቁ፤ በታሪካችሁም ውስጥ ማንም የማይናገርበት፣ እጅና እግር ብቻ የሚሠሩበት ገጽ ይኑር። ይህን ምክር እንዳለ ተቀብያለሁ። በታሪኬ ዓሣ አጥማጅ ያደረግሁት ሰው መረብ ሲጠግን የሚታይበት ክፍል ከዚህ ምላሽ በኋላ የመጣ ነው።

ምላሽ 10 እና 11

አንድ ወጣት አባል የራሱን ታሪክ ነድፎ አቅርቧል፤ ባለታሪኩ በ1962 በካሴት ማጫወቻ ዘፈኑን ደጋግሞ እየሰማ ያለቅሳል። 11ኛው ምላሽ በዚያን ጊዜ የሀገራችን ዘፈን የሚሸጠው በሸክላ እንደ ነበር፣ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ በ1961 እንደ ጀመረ፣ ካሴት ገበያውን የያዘውም ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን እንደሆነ በማስረዳት አርሞታል። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ያለ አስፈላጊነት ሻካራ ነበር። ዘመኑን ማወቅ ለታሪኩ የሚሰጠው ነገርም አለ። ሸክላ ማጫወቻ በየቤቱ አልነበረም፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰው ዘፈኑን የሚሰማው ቡና ቤት ውስጥ ከሌሎች ጋር ወይም ከጎረቤት ሬዲዮ ነው፤ ብቻውን ሊያለቅስበት አይችልም።

ምላሽ 12

ለዚህ ምላሽ ሰፊ ቦታ እሰጣለሁ። የጻፉት በፖስታ አገልግሎት ብዙ ዘመን የሠሩ አባት ናቸው። ሁላችንም ደብዳቤው ሰውየው እጅ የደረሰው በቀላሉ እንደሆነ አድርገን ስናስብ፣ እርሳቸው በየትኛው መንገድ ደረሰ ብለው ጠየቁ። በሀገራችን ደብዳቤ በየበሩ አይታደልም ነበር፤ የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው የራሱ ፖስታ ሳጥን እንደማይኖረው የታወቀ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሚመጣው በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ነጋዴ ሳጥን በኩል ሆኖ፣ በፖስታው ጀርባ በእገሌ በኩል ለእገሌ ይድረስ ተብሎ የተጻፈበት ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለውን እስቲ አስቡት። ደብዳቤው ባለቤቱ እጅ ሳይገባ በፊት የሳጥኑ ባለቤት አይቶታል፤ የላኪዋን ስምና የመጣበትን ከተማ አንብቧል፤ ሰውየው ለመውሰድ ሲመጣም ፊቱን አይቷል። ፖስታው ታሽጎ ቢቆይ እንኳ ከፊሉ ምሥጢር አስቀድሞ ወጥቷል። እኒህ አባት ሌላም ነገር ጨምረዋል፦ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲቀበል የሳጥኑ ባለቤት ላንብብልህ ማለቱ ልማድ ነበር፤ እምቢ ማለትም እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር። እንግዲህ የእኔ ባለታሪክ ደብዳቤውን ያልከፈተው ሰው አጥቶ አይደለም፤ ሊያነብለት የሚፈልግ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ አመሰግናለሁ ብሎ በኪሱ ከትቶ ሄዷል። በመነሻ ጽሑፌ የጎረቤት ተማሪ ብቻ ነበረኝ፤ አሁን የሳጥኑ ባለቤት የሆነ ነጋዴ አገኘሁ፤ ያለ እርሱ ታሪኩ አይቆምም።

ምላሽ 13 እስከ 15

አሥራ ሦስተኛዋ ጸሐፊ ስለ ሰውየው ፍርሃት፣ ስለ ሰውየው ኪስና ስለ ሰውየው መረብ ስንነጋገር ደብዳቤውን ስለጻፈችው ሴት አንድም ሰው እንዳልጠየቀ በምሬት ጽፋለች። ዘፈኑ ሴቲቱን ይጣራታል እንጂ አያናግራትም፤ ታሪኩም ያንኑ ከደገመ ዘፈኑ ያልተናገረውን እጽፋለሁ የሚለው አቋም ውሸት ይሆናል አለች። ከዘፈኑ ውስጥ ትልቁ ያልተነገረ ነገር የእርሷ ቃል መሆኑንም አሳሰበች።

የ14ኛው ምላሽ ጸሐፊ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በእርስዎ ሲያነጋግር ቆይቶ ለእርሷ በአንቺ መለሰላት፤ ሁሉን ነገር ወደ ሴቶች ጉዳይ ማዞር ሥነ ጽሑፍን እንደሚገድል፣ የምትፈልገውን ራሷ ሄዳ እንድትጽፍ ነገራት። በ15 ተመልሳ ይህን የመሰለ ንግግር ለእህቱ ቢነገርበት ይወድ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ራሷ እንደምትጽፍም አረጋገጠች። አወያዩ ሁለቱንም በረዶ በሆነ ድምፅ አስጠንቅቀዋል። እኔ ግን ጥፋቱ እኩል ነው ብዬ አላምንም። የ13ኛዋ ትችት ቁጣ ቢኖረውም በቀጥታ ጉዳዩን የነካ ነበር፤ 14ኛው ግን ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አልተናገረም። ትችቷንም ተቀብዬ ሠርቼበታለሁ።

ምላሽ 16

የ13ኛዋን ጥያቄ በቀና መንፈስ ያነሣው ይህ ምላሽ፣ ሴቲቱም መጻፍ የማትችል ብትሆንስ ብሎ ይጀምራል። በዚያ ዘመን በፍርድ ቤትና በፖስታ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ደብዳቤ በክፍያ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ የፍቅር ቃሏን ለማታውቀው ሰው ነግራ አስጽፋ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የማያውቀው ሰው ያነብለታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ደብዳቤው ምን ሊል ይችላል? ጸሐፊው የድሮ ደብዳቤዎችን ልማድ አስታውሷል፦ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ተብሎ ይጀመራል፤ እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ተብሎ ይቀጥላል፤ ከዚያ የቤተ ዘመድና የጎረቤት ሰላምታ ግማሹን ገጽ ይወስዳል። ለማንም የሚጻፍ ሰላምታ ስለሆነ ጸሐፊውም አንባቢውም አይጠረጥሩትም፤ ነገር ግን ናፍቆት የሚለው ቃል በልማድ የተፈቀደ ቦታ አለው፤ ሴቲቱ ልትለው የፈለገችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ በጣም ያማረ ሐሳብ ነው። ከእኔ ታሪክ ጋር ባይሄድ እንኳ፣ 13ኛዋ ጸሐፊ ለራሷ ታሪክ እንደምትወስደው ከ16 ሥር ባሰፈረችው ማስታወሻ አስታውቃለች።

ምላሽ 17

ታሪኬን ወደ አሁኑ መልኩ ያመጣው ይህ ነው። ጸሐፊው፣ ሴቲቱ ማንበብ ለማይችል ሰው ለምን ደብዳቤ ትልካለች የሚል ቀላል ጥያቄ አነሣ። እውነትም ነው፤ እርሷ እንደማይችል ካወቀች ደብዳቤ መላኳ ጭካኔ ይሆናል፤ ካላወቀች ደግሞ አብረው የኖሩት ኑሮ ምን ዓይነት ኑሮ ነበር? መውጫው በሀገራችን ታሪክ ውስጥ እንዳለ አመለከተ። በታኅሣሥ 1967 በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ ሲዳሞም ዘማቾችን ተቀብሏል፤ ከሥራቸውም አንዱ ፊደል ማስቆጠር ነበር። እንግዲህ ሴቲቱ ዘማች ተማሪ ብትሆን፣ ሰውየውን ፊደል ማስቆጠር ጀምራ ትምህርቱ ሳያልቅ ብትመለስ፣ ደብዳቤው የሚላከው ሰውየው ሊያነበው ስለሚችል ሳይሆን፣ የጀመረውን ይጨርሳል ብላ ስላመነችበት ይሆናል። እርሱም ያልከፈተው ራሱ ሊያነበው ስለፈለገ ነው። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ደግሞ ዕድሉ ተመልሶ ይመጣለታል።

ፍርሃትና መሃይምነት ብዬ ለያይቼ ያቀረብኋቸው ሁለት ምክንያቶች በዚህ ምላሽ ወደ አንድ መጡ። ሰውየው ይፈራል፤ የሚፈራው ግን ቃሏ በሌላ ሰው ድምፅ እንዳይመጣበት ነው።

ምላሽ 18

የሲዳምኛ መምህር የሆኑ አባል በ17 ላይ ጠቃሚ ጥያቄ አክለዋል፦ ሰውየው ከሲዳማ ገጠር የመጣ ከሆነ ደብዳቤው በየትኛው ቋንቋ ተጻፈ? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሲዳምኛም አንዱ እንደ ነበርና ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ እንደ ነበር፣ በላቲን ፊደል መጻፍ የተጀመረው ከደርግ ውድቀት በኋላ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ሰውየው በ1971ና ከዚያ በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ተምሮ፣ ፊደሉን ለይቶ እያወቀ የአማርኛውን ደብዳቤ ግን በከፊል ብቻ ሊረዳው ይችላል። ፊደሉን እያነበቡ ትርጉሙ ሳይመጣ የሚቀርበትን ያንን ሁኔታ ከዚህ በፊት በአንድም አጭር ልቦለድ ውስጥ አላነበብሁም፤ መጻፍ እንደሚገባው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ምላሽ 19 እና 20

የሕግ ባለሙያ የሆነ አባል፣ የዘፈኑን ስንኞች በልቦለዱ ውስጥ ለመገልበጥ ለሚያስቡ ሁሉ ማሳሰቢያ ጽፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 እንደ ተሻሻለው፣ ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተገለጸበትን መልክ ነው። ስለዚህ ያልተከፈተ ደብዳቤ የሚለው ሐሳብ የማንም ንብረት አይደለም። ግጥሙ ግን የገጣሚው፣ ዜማውም የዜማ ደራሲው ነው፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ምንጩንና የባለቤቱን ስም ጠቅሶ በመጠኑ መጥቀስ ይፈቀዳል፤ አንድን ሥራ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ ለመለወጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። የ20ኛው ምላሽ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ለቅዳሜ ጽሑፍ ምን ያደርጋል ቢልም፣ ነገ ሊታተም የሚችል ሥራ ዛሬ በንጹሕ እጅ መጀመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እኔም በታሪኬ ውስጥ አንድም ስንኝ አላስገባም፤ ሕጉ ባይኖርም አላስገባም ነበር፤ ግጥሙ በገጹ ላይ ከታየ አንባቢው ዜማውን እየሰማ ሰውየውን ይረሳዋልና።

ምላሽ 21 እና 22

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች አባል፣ ከዘፈን የተነሣ ልቦለድ በዓለም ላይ አዲስ እንዳልሆነ አመልክታለች። የጃፓኑ ደራሲ ሀሩኪ ሙራካሚ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኖርዌጂያን ዉድ የተባለ ልቦለድ ርእሱን የወሰደው የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቢትልስ በ1965 እ.ኤ.አ. ካወጡት ዘፈን ነው፤ ተራኪው ሃምቡርግ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ውስጥ ዘፈኑን ሲሰማ ወጣትነቱ ይመለስበታል። ልብ እንድንል የፈለገችው ግን ልቦለዱ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን ታሪክ እንደማይተርክ ነው፤ ዘፈኑ ትዝታውን ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የደራሲው ነው። 22ኛው ምላሽ ደግሞ መንገዱ ከልቦለድ ወደ ዘፈንም እንደሚሄድ አሳይቷል፦ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብ ሁሉ ሲያውቀው፣ ቴዲ አፍሮም በ2009 ባወጣው ኢትዮጵያ በተሰኘው አልበሙ ከዚያ ልቦለድ ተነሥቶ ማር እስከ ጧፍ የሚል ዘፈን ሠርቷል። ዘፈኑ ልቦለዱን ሁሉ ለመተረክ አልሞከረም፤ ሊሞክርም አይችልም ነበር። ልቦለድም ዘፈንን ሁሉ ለመተረክ መሞከር የለበትም። የእኔን አቋም እኔ ከጻፍሁት በተሻለ የገለጹት እነዚህ ሁለት ምላሾች ናቸው።

ምላሽ 23 እስከ 25

ዓሣ አጥማጁን የጠቀሰ አንድ ሰው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል ወሰደን፤ ስለ ቀረሶ ዓሣ ዋጋ፣ አባ ኮዳ ስለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ድፍረትና ስለ ጥሬ ዓሣ ንጽሕና ክርክር ተነሣ። ከዚህ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በ24 የተጻፈው ነው፤ መረብ የሚጠገነው በአብዛኛው ከጠዋቱ ሥራ በኋላ በቀን ብርሃን መሆኑን፣ በፋኖስ መረብ የሚጠግን ሰው ከጻፍሁ የሐይቁ ሰዎች እንደማያምኑኝ አሳስቧል። በ25 አንድ አባል ከእምነቱ የተነሣ ዘፈን መስማት እንደ ተወ፣ ከዘፈን የተነሣውን ታሪክ ግን እንደሚያነብ ጽፏል። ማንም አልተከራከረውም፤ እኔም በአክብሮት ተቀብዬዋለሁ።

ምላሽ 26 እስከ 30

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ያተኮሩት ደብዳቤው በታሪኩ መጨረሻ ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ላይ ነው። ሦስቱ አይከፈት ብለዋል፤ ዘፈኑ ያሸገውን ታሪኩ ሊከፍተው አይገባም ነው ምክንያታቸው። 7ኛው ጸሐፊ በ29 ተመልሶ፣ መቼም ታሪኩን መጻፌ ካልቀረ አንባቢን ይህን ያህል አስጠብቆ ፖስታውን አለመክፈት ማታለል ነው አለ፤ በዚህ ነጥብ ከእርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። 12ኛው አባት በ30 ደብዳቤው ቢከፈት እንኳ መልሱ በየትኛው ሳጥን በኩል እንደሚላክ እንዳልረሳ አደራ ብለውኛል።

ውሳኔዬ እንዲህ ነው። ደብዳቤው ይከፈታል፤ ሰውየው ራሱ ይከፍተዋል፤ ድምፁን አውጥቶ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ያነበዋል፤ አንባቢውም የሚሰማው ሰላምታውንና እርሱ ሊረዳቸው የቻላቸውን ቃላት ብቻ ይሆናል። ያልገባውን ቃል ይዞ ወደ ነጋዴው ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን ገና አልወሰንሁም። በ1971 ወይም ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በሐዋሳና በአካባቢው መሠረተ ትምህርት ያስተማራችሁ ወይም የተማራችሁ ካላችሁ፣ ትምህርቱ በስንት ሰዓት ይሰጥ እንደ ነበር፣ ትልልቅ ሰዎች ከልጆች ጋር አንድ ክፍል ይቀመጡ እንደ ነበርና የመጀመሪያው የንባብ መልመጃ ምን እንደ ነበር ብትጽፉልኝ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ረቂቁን ከዚያ ተነሥቼ አስተካክለዋለሁ።